የእቴቴ የልክ ደብተር

«ይህቺን ቃል አውጪልኝ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ ደቅኖ። ጣቱን ሲያነሳ መስታወቱ ላይ የላብ አሻራ ቀረ።

ልጅቱ ቃሏን አየቻት። «ካንሰር» ትላለች። ራሷ ናት የጻፈቻት፤ እሱ ባመጣው ረቂቅ ላይ አልነበረችም።

«በምን ልተካት፣ ጋሼ?»

«‹ባደረባት አጭር ሕመም› በይው።»

«አሥራ ዘጠኝ ወር ነው እኮ የታመመችው። ይሄ ለእርስዎ አጭር ነው?»

«አትከራከሪኝ! ስም ያለን ቤተሰብ ነን።»

ሊቀመንበር ብሎ የመረጠው ሰው የለም። ስሙን ያወጣችለት የገዛ እናቱ እቴቴ ናት፤ ሦስት ሰው ሲሰበሰብ አጀንዳ የሚያወጣ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ንግግር አድርጎ የሚመለስ ሰው ስለሆነ። አሁን የእናቱን የአንደኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ሊያሳትም፣ የእህቱ ልጅ ገጽ ወደምታቀናብርበት ማተሚያ ቤት መጥቷል። መጽሔቱ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። እቴቴ በስድስቱ ላይ ትታያለች፤ ሊቀመንበሩ በአሥራ አንዱ። ሪባን ሲቆርጥ አለ፤ ዋንጫ ሲቀበል አለ፤ አንዱ ፎቶግራፍ ላይ እሱ መሐል ቆሞ እናቱ በትከሻዋ ብቻ ቀርታለች።

ታናሽ እህቱ፣ የልጅቱ አክስት፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ እንኳ ለራሴ ብዬ አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ዘንድሮ ልታገባ ነው። የባሏ ወገኖች ያንን በሽታ ሲያነቡ በዘራቸው አለ ይላሉ። ቢቀር ምን አለበት?»

«‹ያ በሽታ› ስም አለው፣ እትዬ።»

«ኧረ በስመአብ! ምን ዓይነት አፍ ነው?»

እቴቴ ብትሰማ ትስቅ ነበር። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ናት። ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ገልብጣ የውስጡን ስፌት ሳታይ አድንቃ አታውቅም። «ፊቱንማ ማሳመር ማንን ያቅተዋል?» ትላለች። ሐኪሙ ጨጓራዋ ላይ ያገኘውን ነገር ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ሲነግራት፣ «ካንሰር ነው በለኝና እንገላገል፤ አንተም ሥራ አለብህ» ያለችው እሷ ናት።

ረቂቁ ግን «በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ተከባ አረፈች» ይላል። ተከባ! የከበባትስ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ «ካንሰር»ን በ«አጭር ሕመም» ተካችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ እፈርማለሁ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ኮቱን እያስተካከለ። የማተሚያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ማንኛውም ጽሑፍ ባለቤቱ ሳይፈርምበት ማሽን ላይ አይወጣም። የቤተሰቡን ጽሑፎች ሁሉ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ማን ወክሎት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

በሩ ሲዘጋ ልጅቱ መሳቢያዋን ስባ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች።

«ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት አዛውንቱ ማሽኒስት፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ቀለም ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሽ ቀለም የምትላቸውም ለዚያ ነው።

«ገልብጬ ውስጣቸውን ላሳያቸው ነው።»

የእቴቴ የልክ ደብተር ነው። የሰው ደረት፣ ወገብና ትከሻ ሲመዘገብበት ኖሮ፣ መቀስ መያዝ ሲያቅታት የጠያቂዎቿን ልክ ትወስድበት ጀመር። በየሰኞው የራሷንም ወገብ ለክታ ጽፋበታለች፦ 92፣ 85፣ 77።

«ይስሙኝማ፣ ጋሽ ቀለም። ‹ትልቁ ልጄ። በሦስት ወሩ መጣ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስልኩን አራት ጊዜ አየ። በርቺ አለኝ። ተኝቼ በምኑ ልበርታ?›»

ማሽኒስቱ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ይሄ ደግሞ የአክስቴ ነው። ‹ትንሿ ልጄ። ብርቱካን ይዛ መጣች፤ ጠጣር ነገር እንደማይወርድልኝ እያወቀች። ራሷ ልጣ በላችው። ጣፋጭ ነው አለችኝ።›»

«ጉድ ነው! ይታተማል እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ከእያንዳንዳቸው ትዝታ ሥር አስገባዋለሁ።»

«አጎትሽ ይፈርምልሻላ!»

«ይፈርማል። ከፎቶግራፉ በስተቀር የሚያየው ነገር ያለ ይመስልዎታል?»

ማሽኒስቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እሷ መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ እንዲህ ፈጥነው አያውቁም። ዓመት ሙሉ ያመቀችው ንቀት መውጫ አገኘ። የሊቀመንበሩን አስገባች፤ የአክስቷን አስገባች፤ እቴቴን ሊጠይቅ መጥቶ አስታማሚዋን ስለ ራሱ ደመወዝ ጭማሪ ያማከረውን የአጎቷን ልጅም አስገባች። የራሷ ገጽ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ «ራስጌሽ ቁጭ ብዬ ሕመምሽን ተካፈልኩ» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ እቴቴ ስለ እሷ የጻፈችው ሊገባ ነው፤ ምርቃት መሆኑን አልተጠራጠረችም። የመጨረሻዎቹን ገጾች ግን እስከ ዛሬ ደፍራ አላነበበቻቸውም፤ የሚንቀጠቀጠውን ጽሕፈት ማየት ስለማትችል።

ዛሬ ገለጠቻቸው። 64። 61። ከዚያ እቴቴ ያወጣችላት ስም።

«ቁልፌ መጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየች። ስለ አጎቷ ተናደደች። ስለ አክስቷ ተናደደች። እኔ አባበልኳት። ውሃ አቀብዪኝ ልላት ነበር፤ ፋታ አልሰጠችኝም።»

ከሥሩ፦ «ቁልፌ ዛሬም መጣች። ያው ነው። ልጄ ትወደኛለች፤ ግን ካንሰሩ እንኳ አልፎ አልፎ ያሳርፈኛል።»

ደጋግማ አነበበችው። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። የዚያን ሰሞን ስድቧን ሁሉ ታስታውሳለች፤ ሊቀመንበሩን «ባዶ ኮት» ያለችው ያኔ ነው። ኮመዲኖው ላይ ብርጭቆ ይኑር አይኑር ግን ትዝ አላላትም።

ጋሽ ቀለም ብቅ አሉ። «ጦርነቱ አለቀ?»

ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

ሊቀመንበሩ በዘጠኝ ሰዓት ብቻውን መጣ። ብዕሩን አውጥቶ ገጾቹን እየገለበጠ ፈረመ፣ ፈረመ። ከአንዳቸውም ትዝታ ሥር የእቴቴ ቃል አልነበረም፤ ሁሉንም አጥፍታዋለች። ሃያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። «ራስጌሽ ቁጭ ብዬ» የሚለው የለም፤ ስለ ቁልፌ የተጻፉት የልክ ደብተሩ መስመሮች ብቻ፣ ከሥራቸው የልጅቱ ፊርማ።

«ይሄ ምንድን ነው? ቃሏም አለችበት!»

«በእርስዎ ገጽ ላይ ‹አጭር ሕመም› ገብቷል፤ ፈርመውበታል። ይሄ የእኔ ነው።»

«ራስሽን በአደባባይ ታዋርጃለሽ እንዴ?»

«እሷ ናት በደብተሯ የለካችኝ፣ ጋሼ። ልኬ ነው።»

እንደገና አነበበው። አንገቱ ኮሌታው ውስጥ የገባ መሰለ።

«ደብተር ነበራት?» አለ። ከዚያ፣ ንግግር በማያውቅ ድምፅ፣ «ስለ እኔስ... ጽፋለች?»

ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። አሥራ አንዱ ደቂቃ፣ አራቱ የስልክ እይታ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ናቸው። ሰውየውን አሁንም ትንቀዋለች፤ ንቀቱ ፈቀቅ አላለም።

ደብተሩን ስለ እሱ የተጻፈበት ገጽ ላይ ገልጣ ወደ እሱ ገፋችለት። እሱ መነጽሩን ሲፈልግ፣ ተነስታ ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሄደች፤ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አለቅልቃ ውሃ ሞላችለት።