ወደ ጉድጓዱ ዘጠኝ ሚሊ

ታናሽ ወንድም ሲያልፍለት ደስ ይላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እሰየው ለእነሱ፤ ሚሊ ግን ሞክሮት አልሆነለትም።

ሚሊ ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። የምድር ውስጥ ባቡር ቀያሽ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ሚሊሜትር ሲጨቃጨቅ ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። ታናሹ ደግሞ መሐንዲስ ሆኖ ከባቡሩ ዋሻ አሥራ ሁለት ሜትር ርቆ ለሚሠራ ሕንፃ አራት ወለል ወደ ታች ያስቆፍራል። ያን ያህል አፈር ከጎኑ ሲነሳ ዋሻው ወደ ጉድጓዱ መጠጋት ይጀምራል። አሥር ሚሊ ከተጠጋ ባቡሩም ቁፋሮውም ይቆማል። መጠጋት አለመጠጋቱን ለክቶ የሚፈርመው ሚሊ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ የለካው አንድ ሚሊ ብቻ ነው። እሱ "አንድ" ብሎ በፈረመ ቁጥር ታናሹ ይመሰገናል። እናታቸውማ፣ "የወንድምህን ጉድጓድ አየኸው? ዋሻው ንቅንቅ አላለም አሉ" ትለዋለች። አለማለቱን የነገራቸው ማን ሆነና! "አየሁት እማዬ" ይላታል፤ ሌላ ምን ይበል።

እሑድ ጠዋት ባቡሩ ዘግይቶ ስለሚጀምር መሣሪያውን ተሸክሞ ወረደ። ማንም አላዘዘውም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጥፋት ፍለጋ ነው የወረደው። በማግስቱ የመጨረሻው ወለል ሊቆፈር ነው፤ ከዚያ በኋላ ታናሹን የሚችለው የለም። ስለዚህ የዘወትሩን መነሻ ነጥብ ትቶ ከሩቅ፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ ተነስቶ ለካ።

ዘጠኝ ሚሊ።

ደገመው፤ ያው ዘጠኝ። እንዴት ደስ እንዳለው! ብቻውን ሳቀ። ከዚያ የዘወትር መነሻውን፣ ግድግዳው ላይ የተከላትን ትንሽ መስታወት ለካና ክው አለ። እሷም ስምንት ሄዳለች። ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከማትንቀሳቀስ ነጥብ ነው፤ እሷ ግን ከዋሻው ጋር አብራ ስትሄድ ከርማለች። ሚሊ ሲፈርም የኖረው በመሃላቸው የቀረችውን አንዷን ሚሊ ነው።

መስታወቷን የተከላት ቀን አለቆች ታናሹን ከበው ዋሻውን ያስጎበኙት ነበር። ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። መስታወቷ ልትተከልበት ወደሚገባው ሩቁ ጣቢያ ለመድረስ በመሃላቸው ማለፍ ነበረበት፤ አላስችል አለው። እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ለጥፏት ወጣ። ቅናት እንዲህ ያደርጋል!

አሁን ምን ይሁን? ከታናሹ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ቁጥሩ አለመሳሳቱ ነው። ነቅሎ ሩቅ ቢተክላትስ? ዋሻው በአንድ ሳምንት ዘለለ ይባላል፣ ጥፋቱም የቆፋሪው ይሆናል። ነቀላትና ኪሱ ከተታት። ወደ ጣቢያው ወጥቶ ለታናሹ ደወለ።

"በዚህ ሳምንት ዘጠኝ ደርሷል" አለ። "ቸኩለህ ቆፍረሃል።"

ታናሹ መለሰ። "ጋሼ፣ የእኔ ስሌት እኮ ከመጀመሪያውም ዘጠኝ ነበር የሚለው።"

እዚህም ቀደመኝ ብሎ ሚሊ ጥርሱን ነከሰ። "ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"አንተ አንድ አልካ። አንተ ለክተህ እኔ ምን አባቴ ልበል? ስሌቴን ቀደድኩት። ግድ የለም፣ የነገውን ቁፋሮ አሁኑኑ አስቆማለሁ። ቸኩዬ ነው ብዬ ለአለቆቹ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንተ በጊዜው ነግረኸኛል፣ ማንም አይነካህም።"

ሚሊ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሊጠላው ፈልጎ አቃተው።

"እንደሱ እንዳትላቸው" አለ።

"እንዴ፣ ለምን?"

"አልቸኮልክም። መነሻዋን ያለቦታዋ የተከልኳት እኔ ነኝ። ዋሻው ሦስት ወር ሙሉ ሲሄድ እኔ አንድ እያልኩ ስፈርም ነበር።"

ሚሊ "ሃሎ" አለ።

"አለሁ" አለ ታናሹ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ታዲያ ከእንግዲህ የማንን ቁጥር ልመን፣ ጋሼ?"

ሚሊ መስታወቷን ከኪሱ አወጣት።

"የራስህን" አለው።