ነጠላዬን መልሺ

ሰው ሲሞት የሚባልለትን አይሰማም ይላሉ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ደስ አይልም። በተለይ ሙሾውን የምታወርደው የወንድም ሚስት ስትሆን፣ እሷም ጥሩአየሁ ስትሆን።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ስምንት ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ቢቸና ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ፍልሰታን ጓዴ ከሚባለው ወንድሜ ጋር ልጹም ብዬ ከሞጣ በላይ ወዳለው አገራችን ሄድኩ። መንደሩ ገደል ወገብ ላይ የተቀመጠ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና አንድ ጠዋት ተራራው ተናደ፤ መንገዱን ከላይም ከታችም ቆርጦ እኛን መሀል ላይ አስቀረን። ከእግራችን ሥር ያለው መሬትም መሰንጠቅ ጀመረ።

የጦር ሄሊኮፕተር መጣልን። ሰዉን እየጫነ በላይ ወዳለው አፋፍ ያወጣ ጀመር። በመጨረሻ ቦታው ሞላና አንድ ሰው ይቅር ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ባሌ ሞቷል፤ ልጅ የለኝም። ጥሩአየሁ ጭራሽ «እሷ ትቅር፣ ጠንካራ ናት» አለች። ጠንካራ! ጓዴም መሬት መሬት እያየ ገባ። ብቻዬን ቀረሁ።

ተመልሰው መጡ፤ ይህን አልክድም። አብራሪው ከፊት፣ እዮብ የሚባል ወጣት የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ከኋላ። እዮብ እጄን ይዞ ሲያስገባኝ «እትዬ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የመጣነው፤ እንደ ሚኒስትር» ብሎ አሳቀኝ። ተነስተን ብዙም ሳንርቅ ጉም ወርዶ አፋፉን ዋጠው። የላዩ ክንፍ ቋጥኝ መታ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጩኸት ብቻ ነው፤ የብረቱ ይሁን የእኔ አላውቅም።

ስነቃ ሄሊኮፕተሩ በጎኑ ተኝቷል። ጭራው ተቆርጦ ወንዝ ውስጥ ገብቷል። እኛ ያለንበት ግማሹ ግን ከገደሉ እንደ መደርደሪያ ወጣ ባለች ቦታ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ከላያችን ያጎነበሰ ቋጥኝ ከልሎናል። አብራሪው አይተነፍስም። የመቀመጫው አግዳሚ ብረት እግሬን ቆልፎ ይዞኛል። እዮብን እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ፤ እሱ ከወገቡ በታች ብረት ተጭኖታል። ሬዲዮው ተሰባብሯል። በሩ ተከፍቷል፤ የሚያሳየው ግን ጉምና ገደል ብቻ ነው። ትንሽ ስንነቃነቅ ብረቱ ሲጢጥ እያለ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ስለዚህ አንነቃነቅም። መተንፈሱም በልክ ሆነ።

«ይፈልጉናል አይደል?» አለ እዮብ።

«እንዴታ! ይኸው አፋፉ ላይ ናቸው» አልኩት፤ አገሬን አምኜ።

ከላይ ጥይት ተተኮሰ። ደግሞ ሌላ። እዮብ ፊቱ በራ።

«ምልክት ነው?»

ጆሮዬን አቀናሁ። ከጥይቱ ኋላ የሴቶች ዋይታ ተከተለ።

«ልቅሶ ነው» አልኩት።

«የማን?»

«የእኛ።»

አንዱ ጉሙ ገለጥ ሲልለት ቁልቁል አይቶ፣ ጭራውን ወንዝ ውስጥ ሲያገኘው «አለቁ!» ብሏል ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንዴ «አለቁ» ከተባለ ማን ይመረምራል? ደረት መደቃት አለበት፣ ነጠላ መዘቅዘቅ አለበት። የሚያለቅስ እንጂ የሚፈልግ የለም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በወገኖቼ ተናድጄ አላውቅም።

እዮብ ግን ፈገግ አለ። «የኔ እናት ብትሆን አታምንም ነበር። ብሩክታይት ትባላለች፤ ጅማ ነው ያለችው። ጎረቤት እንኳ ሲሞት ሄዳ ሳታይ እንባ አይወጣትም። ልጅሽ ሞተ ቢሏት ‹ፊቱን አሳዩኝ› ነው የምትል።»

«እናትህን ነበር እዚያ አፋፍ ላይ ማቆም» አልኩት።

ጮኽን። «ኧረ የሰው ያለህ!» አልን። እነሱም ላይ ሆነው «ኧረ የሰው ያለህ!» ይላሉ። ገደል ማሚቶው የእነሱንም የእኛንም አንድ ላይ ለውሶ ይመልሳል። የራሳቸው ዋይታ እየተመለሰ መሰላቸው መሰለኝ፣ ማንም ጆሮ አልሰጠንም። ድምፄ ሰለለ። የእዮብ ደም ከሥሩ እየሄደ ነው፤ ከንፈሩ ገርጥቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በረደኝ፣ እትዬ።»

የማለብሰው አልነበረኝም። ባለ ጥበብ ነጠላዬን ጥሩአየሁ ለጥምቀት ብላ ተውሳኝ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል። ስጠይቃት «የቱ ነጠላ?» ትለኛለች፤ ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። የልጁን እጅ ይዤ ማሻሸት ብቻ ሆነ ሥራዬ። እሱን ሳልሸፍነው እንዳይሞትብኝ ፈራሁ፤ ከራሴ ሞት ይልቅ ያንን ፈራሁ።

ይኼኔ የማውቀው ድምፅ ከላይ መጣ። ጥሩአየሁ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፦

«ዘሪቱ እመቤቴ፣ ዘሪቱ ለጋሷ፣
ለኔ ነበር እኮ የገዛችው ልብሷ።»

«ወይ ጉድ! ውሸታም!» ብዬ ብድግ ልል ስል ብረቱ ሲጢጥ አለ። እዮብ እጄን ጨመቀ።

«ምን አለች?»

ነገርኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው።

«እትዬ፣ እነሱ ሲጮሁ አይጩሁ። ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰው አንዴ ከተናገረ ማንም አይሰማም። እስኪጨርሱ ይጠብቁ።»

ያኔ ገባኝ። አልቃሽ ግጥሟን ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ሕዝቡ ከመቀበሉ በፊት ትንሽ ዝምታ አለች። እዚያች ላይ መግባት ነው። ደግሞ ዋይታ ብጨምር ገደል ማሚቶ ነው ይላሉ። ገደል ማሚቶ የተባለውን ይደግማል እንጂ መልስ አይሰጥም። እኔ መልስ እሰጣለሁ።

ጥሩአየሁ ያችኑ ውሸቷን ደገመች። «ልብሷ» ብላ ስትጨርስ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አሟጥጬ ለቀቅሁት፦

«ውሸትሽን ተይና መልሺ ነጠላዬን፣
በሕይወት አለሁኝ፣ ንገሪው ወንድሜን!»

ላይ ጸጥ አለ። አንድ ቄስ «በስመ አብ!» ሲሉ ተሰማኝ። የሚሸሽ ሰው ኮቴም ሰማሁ። ገደሉ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ቀረ፤ ሄዱብን አልኩ።

ከዚያ የጥሩአየሁ ጩኸት መጣ። «ዘሪቱ ናት! መንፈስ አይደለም፣ እሷው ናት! ነጠላውን ሌላ ማን ያውቃል? ጓዴ፣ ገመድ!»

«ሰሙን?» አለ እዮብ፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ሰሙን፣ የኔ ልጅ። መጡልህ።»

«እንኳን» አለ።

የጭነት ገመድና ጠፍር እስኪቀጣጥሉ፣ የሚወርድበትን እስኪፈልጉ ጊዜ ወሰደ። እኔ አወራሁት፤ ስለ ቢቸና ገበያ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ። መጀመሪያ «እህ» ይለኝ ነበር። በኋላ እጄን ብቻ ይጨምቃል። የጓዴ እግር ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ እጁ መጨመቁን ትቶ ነበር።

እግሬን ከብረቱ አላቀው በገመድ ጎትተው አፋፉ ላይ ሲያወጡኝ እልልታው ቀለጠ። ለልቅሶ የመጣው ሕዝብ እኔን ለመንካት ይጋፋል። «ዋጡት!» አልኳቸው። ከኋላዬ እዮብን አወጡት።

ጥሩአየሁ ቀረበችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ከልቧ አልቅሳለች ለካ። «የኔ እናት፣ ስሙን ንገሪኝ፤ ላልቅስለት» አለች።

«አንድ ሰው እንዳያለቅስ! ካለቀሳችሁበት ጊዜ ግማሹን ብትፈልጉን ይህ ልጅ ይተርፍ ነበር።»

ጓዴ አሁንም መሬት መሬት አየ። ጥሩአየሁ ለእኔ ብላ የዘቀዘቀችውን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝ። ያው ባለ ጥበቡ ነበር፤ የእኔው።

ጥበቡን ወደ ቦታው መልሼ እዮብን ከእግሩ እስከ አንገቱ አለበስኩት። ቄሱ ፊቱን ሊሸፍኑ እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው።

«ይቆይ፣ አባ። እናቱ ሳታይ አታምንም።»