ትምህርቱን ያልጨረሰው ቡችላ

«ጫማዬን! ኧረ ጫማዬን!» አሉ የሟች አክስት፣ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ እንደያዙ። ጠበበኝ ብለው ወንበር ሥር ያወለቁት ጫማ በቡችላው አፍ ተንጠልጥሎ በለቀስተኛው እግር መሐል ሽር ይል ነበር።

«ተቀመጥ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የሟች ሚስት።

ቡችላው ጆሮውን ቀስሮ አያትና ሩጫውን ቀጠለ። «ና!» ስትለው ጭራሽ ሶፋ ሥር ገባ።

«ነግሬሻለሁ» አሉ የባሏ ታላቅ ወንድም። «ማታ ወደ መጋዘኔ እወስደዋለሁ። በሰንሰለት ታስሮ ሌባ ይጠብቅ። በዚህ ሐዘን ላይ ደግሞ ውሻ ልታስተምሪ ነው?»

«ይውሰዱት ጋሼ» አለች። ይሄ ቡችላ የልብስ መለኪያ ሜትሯን በልቶባታል፤ የደንበኛ ሱሪም ለሁለት ከፍሎባታል። ለማን ብላ ትታገለዋለች?

ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ። «ከቀብር ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ ጠብ አላላትም» አለች አንዷ። «ውሻውንማ ብትሸኝ ምን ይገርማል!» ሰማቻቸው። ማልቀስ አቅቷት እንጂ ባሏን ጠልታ አልነበረም።

ባሏ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር፤ ሰፈሩ «ቀስ በል» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ የማያውቅ ሰው፣ ሲሞት ግን ምንም ሳያሳይ ሄደ። ማታ ስቆ ተኛ፤ ጠዋት የለም።

ቡችላውን ያመጣው ባለቤት ከሌላቸው ውሾች መጠለያ ነው፤ መጠለያው የቀጠረውን ሹፌር ሊያስተምር ሄዶ። ቡችላው መጥረጊያ ባየ ቁጥር ስለሚሸና ወሳጅ አጥቶ ነበር። ኮቱ ውስጥ ሸጉጦት ገባና «ሰው አደርገዋለሁ» ብሎ ማለ።

«አንተን ሰው ለማድረግ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ረሳኸው?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እሷ ሳትነሳ ግቢ ውስጥ ያስተምረው ነበር። በመስኮቱ ጉርምርምታ ትሰማለች፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትገለበጣለች። አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አላየቻቸውም። አሁን ይሄ ይቆጫታል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት ሻይ የሞላ ትሪ ይዛ ስትገባ ቡችላው ጫማውን እንደነከሰ ከሶፋው ሥር ተስፈንጥሮ ወደ እግሯ ተወረወረ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሟች የድሮ ተማሪ፣ ሳያስበው ብድግ ብሎ ጮኸ፦

«ፍሬን ያዝ!»

ቡችላው ባለበት ቁጭ አለ። ጫማው ከአፉ ወደቀ።

«ይቅርታ እትዬ» አለ ሹፌሩ እያፈረ። «መምህሬ እንዲህ ነበር የሚጮህብኝ። አፌ ላይ መጣብኝ።»

እሷ ግን ከወንበሯ ተነስታ ነበር። «እስቲ ሌላም በለው።»

«ሞተር አጥፋ» አለ በፍርሃት። ቡችላው እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። «ኋላ ማርሽ!» ሲለው ተነስቶ ቂጡን እያስቀደመ አፈገፈገ፣ አፈገፈገና ከጋሼ ቅልጥም ጋር ተጋጨ።

«ወይ ጉድ!» አሉ አክስት። «ውሻውን ሰው አደርገዋለሁ ብሎ ሹፌር አድርጎት ሄደ!»

ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች፤ ስቃ ስቃ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ዞረ። ያ ሁሉ ቀን እምቢ ያላት እንባ ወረደ። የሚንሾካሾኩት ሴቶች ራሳቸው ደግፈው አስቀመጧት።

ማታ ጋሼ ገመድ ይዘው መጡ።

«አይሄድም ጋሼ። ትምህርቱን አልጨረሰም።»

«ማን ሊያስጨርሰው?»

«እኔ።»

«አንቺ መቼ መሪ ይዘሽ ታውቂያለሽ!»

«አብረን እንማራለን።»

ጋሼ ገመዱን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ቤተሰቡ ሁሉ ለየለት» እያሉ ወጡ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በባሏ ካፖርት ተጠቅልላ ግቢ ወጣች። «ፍሬን ያዝ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ቡችላው ተቀመጠ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም፤ በሩን ነበር የሚያየው፣ አስተማሪው አሁን ይገባል ብሎ።

እሷም ወደ በሩ አየች። ከዚያ አጠገቡ ተንበረከከችና አገጩን በመዳፏ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችው።