የወንበሩ ማመልከቻ

"እስቲ እዚህ ጋ አንብቢልኝ፤ ምን ይላል?" አለች ሉሲ፣ ወረቀቱን አዙራ ወደ ጠጅቱ እየገፋች።

የእንግዳ ወንበሩ ላይ ፋይል ተቆልሎበታል። ጠጅቱ ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ቆማ ጎንበስ አለች። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆመች ማንበብ ትችላለች እንጂ አትቸኩልም። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሉሲ ብዕሯን እያገላበጠች ጠበቀቻት።

"'...ግራ እግሬ ከአገልግሎት ውጪ ከመሆኑም በላይ፣ የተመደብኩበትን ሥራ ለማከናወን ምንም ዓይነት አቅም የሌለኝ ምስኪን በመሆኔ...'"

"በቃ፣ እሱ ይበቃል። ምንም ዓይነት አቅም የሌለኝ ብለሻል። ከሥሩ ፊርማሽ አለ።"

"ፊርማው የእኔ ነው። የጠየቅሁት ግን ወንበር ነው።"

"ወንበር የሚል የለበትም ጠጅቱዬ። ሁለቴ አነበብኩት። መጨረሻው 'አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግልኝ' ነው የሚለው።"

ጠጅቱ ሰበታ ካለው ብስኩት ፋብሪካ ስትቀጠር ፖሊዮ ያቀጠነው እግሯ ያው ነበር፤ ማንም አልደበቀም፣ ማንም አልጠየቀም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ፣ ላዩ ላይ ኩርቱ ፌስታል አንጥፋ ተቀምጣ፣ ከፊቷ ከሚያልፈው ብስኩት የተሰበረውን ስትለቅም ኖረች። እጇ ፈጣን ነው። አንዳንዶቹ እንደሚያሟት ስብራቱን ከመሰበሩ በፊት ታየዋለች። ባለፈው ግንቦት ግን ዘርሁን የሚባል አዲስ ሱፐርቫይዘር መጣና፣ ጎብኚ ሲገባ ደስ አይልም ብሎ ሳጥኗን ወደ መጋዘን አስወሰደው። ከዚያ ወዲህ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ መቆም ነው። ማታ ማታ ደህናው እግሯ አብጦ ጫማ አልገባም እያለ ያስቸግራታል፤ ቀጭኑ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳታል።

ማመልከቻ አስጽፊ ያለቻት አጠገቧ የምትሠራው ላሊሴ ናት። በፋብሪካው በር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ጋሽ ፍቅረሥላሴ የጻፉት ደብዳቤ ካላስለቀሰ የባለጉዳዩን ገንዘብ በከንቱ የበሉ ይመስላቸዋል። ያን ቀን ጮክ ብለው ሲያነቡላት ጠጅቱ ራሷ አልቅሳለች፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለች፣ የማታውቃት አንዲት ምስኪን ሴት አሳዝናት ነው። ላሊሴም አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "ደብዳቤ ማለት ይሄ ነው" አለች። ወንበር የሚለው ቃል መቅረቱን ከሦስቱ አንድም ሰው አላስተዋለም።

"ሌላ አስጽፌ ላምጣ" አለች ጠጅቱ። ሉሲ በዕድሜ ታናሿ ብትሆንም፣ መካከላቸው ጠረጴዛ ስላለ ጠጅቱ እርስዎ ነው የምትላት። "እርስዎ ይሄንን ይቅደዱት።"

"መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሥራ አስኪያጁም 'በሐኪሞች ቦርድ ታይታ ትሰናበት' ብሎ መርቶበታል።" ሉሲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የምትፈራው ለራሷ እንጀራ ነው። "አካል ጉዳተኛ ለሆነ ሠራተኛ የሚመቸው ነገር ይደረግለት የሚል ሕግ አለ እኮ። ግን ሥራውን እችላለሁ ማለት አለበት። አንቺ አልችልም አልሽ።"

ከመሳቢያዋ ሌላ ወረቀት አወጣች። ታትሞ ያለቀ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ። "ይቺን ከፈረምሽ ግን ቦርዱን ላስቀርልሽ እችላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቢበት።"

ጠጅቱ አሁንም ቀስ ብላ አነበበች። ሙሉ ጤነኛ ነኝ፤ ሥራዬን እንደማንኛውም ሠራተኛ ቆሜ መሥራት እችላለሁ፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ጥያቄ አላነሳም፣ ይላል።

በምሳ ሰዓት ወደ ማዶ ተሻገረች። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ገና ከሩቅ አይተዋት መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"አነበቡት? ምን አሉ?"

"አንብበው ሊያሰናብቱኝ ነው ጋሼ።"

"ደብዳቤው እንኳ እንከን የለውም።"

"አቅም የለኝም ይላል እኮ።"

"ታዲያ አቅም አለኝ ብለሽ ልትለምኚ ነው? አቅም ላለው ማን ያዝናል?"

"እንዲያዝኑልኝ መች ፈለግሁ? እንድቀመጥ ነው እንጂ።"

"ስሚ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ማዘጋጃ ቤት ሠርቻለሁ። 'ወንበር ይሰጠኝ' የሚል ባለአንድ መስመር ወረቀት ሲመጣ አውቀዋለሁ። የሻይ ብርጭቆ ነው የሚቀመጥበት።" ትንሽ አሰቡና ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ። "ሌላ እጽፍልሻለሁ፣ በነፃ። በዚህኛው እናትሽን እናስገባለን።"

"እናቴ ምን ሆኑ?"

"አልጋ ላይ ናቸው እንበል።"

"ጋሼ፣ ትናንት ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲሸጡ ውለዋል። ያውም ከሸማች ጋር ተጣልተው ነው የገቡት።"

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ፈገግ ማለት ፈልገው ተዉት። ያጠፉት ነገር የገባቸው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ያልተጻፈበትን ወረቀት ደጋግመው አስተካከሉት። "እንግዲህ ፈርሚላቸው" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያዩ። "ሥራሽን ያዢ። የወንበሩን ነገር ቀስ ብለን እንደርስበታለን።"

"ጥያቄ አላነሳም ብዬ ነው የምፈርመው እኮ። በምን እንደርስበታለን?"

ብዕራቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። ላሊሴም ብትሆን ከሰዓት ማሽኑ ሲነሳ ያለቻት ያንኑ ነው። "ፈርሚ ጠጄ። ቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ። እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ አንቺም እንደዚያ እያልሽ ትቀመጫለሽ።" ምክር ተብሎ ከቀረበላት ሁሉ መቀመጫ ያለበት ይሄኛው ብቻ መሆኑ ጠጅቱን ሊያስቃት ነበር። ግን ዘርሁን ከኋላ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ብስኩቱ እየተከታተለ ይመጣል። አንድ፣ ሁለት ስብራት አመለጣት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆና አታውቅም። ያመለጣት ዓይኗ ደክሞ አይደለም። ሐሳቧ ጉልበቷ ላይ ወርዶ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጠጅቱ ወደ ሉሲ ቢሮ ገባች።

"ወሰንሽ?" አለች ሉሲ፣ ወረቀቱንና ብዕሩን እያቀረበች። ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር።

ጠጅቱ ብዕሩን ተቀብላ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። ሉሲ ፊርማ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ብዕሩ እታች ሳይሆን መሐል መስመሩ ላይ አረፈ። "ሙሉ ጤነኛ ነኝ" የሚለውን ሠረዘች። "ቆሜ" የሚለውን ሠረዘች። ከበላዩ፣ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ አንዱ ተልቆ አንዱ አንሶ፣ "ወንበር ላይ ተቀምጬ" ብላ ጻፈች። ጥያቄ አላነሳም የሚለው ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰችና እሱንም ሠረዘችው። ከዚያ ፈረመች።

ሉሲ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እንዲህ አይሆንም እኮ ጠጅቱዬ። ፎርም ላይ አይጻፍም። ሥራ አስኪያጁ ይመልሰዋል።"

"ይመልሰው።"

"ከመለሰው ወደ ቦርዱ ነው የምትሄጂው። ቦርዱ ደግሞ የሚያየው የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ነው። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

ሉሲ በሩን ገልመጥ አድርጋ አየች። ከውጭ ማንም የለም። "ንጹሕ ፎርም ላውጣልሽ" አለች በሹክሹክታ። "ይሄንን ማንም አያየውም፣ እቀደዋለሁ።"

"ያውጡ" አለች ጠጅቱ። "እሱም ላይ እጽፋለሁ።"

ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀት መትፋት ጀመረ። ጠጅቱ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው አዛወረች። ብዕሩን አልመለሰችም።