የጉማን ሲንግ ትከሻ

ሩክማ የወንድሜ ልጅ ናት። ኤቨረስትን ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ዴልሂ ተጠርታ ሜዳሊያ ደረቷ ላይ ተደርጎላታል፤ ያሠለጠነቻቸው ተራራ ወጪዎች በስሟ ይምላሉ። ከደጃችን ሆና የምታያትን ተራራ ግን ረግጣት አታውቅም። የአምላካችን የእናት ናንዳ መኖሪያ ናትና፣ እሷ ሳትፈቅድ ከመንደራችን ማንም አይወጣትም።

ፈቃድ ሲጠየቅ እናት ናንዳ በወሳንሳ ሆና ከቤተ መቅደሷ ትወጣለች፤ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይሸከማታል። ወሳንሳዋ ወደ ጠያቂው ካዘነበለች እሺ፣ ወደ ኋላ ካፈገፈገች እንቢ ማለቷ ነው። ተሸካሚ አይገፋም፣ አይጎትትም። ከፊት የሚሸከመው ወንድሜ ጉማን ሲንግ፣ የሩክማ አባት ነው፤ ከኋላ እኔ። ሩክማ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለቴም ተከልክላለች። የከለከላት ማን እንደሆነ የእኔ ትከሻ ያውቃል። ወንድሜ ምን ያድርግ፤ የሩቁን ተራራ ስትወጣ አያያትም፣ ይቺ ግን ዓይኑ ሥር ናት።

ዘንድሮ እያነከሰች መጣች። «ጉልበቴ አልቋል፤ ከአሁን ወዲያ ተራራ የለም» አለችን። ጠዋት ማንም የሚያያት ሳይመስላት ደጅ ቆማ ወደ ላይ ስታንጋጥጥ አባቷ አያት። እኔ ዘንድ መጣ።

«ዘንድሮ ትሂድ» አለኝ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የምትወስነው እናት ናንዳ አይደለችም እንዴ?»

«አንተ ነገረኛ፣ ዝም ብለህ ተሸከም።»

ከበሮው ተመታ። ሩክማ ባዶ እግሯን ፊታችን ቆማ «እናቴ፣ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች። ጉማን ሲንግ ወደ ፊት ተንጠራራ፤ እንቢ ያለች ላም የሚጎትት ይመስል ነበር። ወሳንሳዋ ግን ወደ ኋላ መጣች፣ እኔንም ገፍታ መለሰችኝ። እንደገና ጎተተ፤ እሷም እንደገና አፈገፈገች። እኔ በበኩሌ ከመሸከም በቀር ምንም አላደረግኩም።

ከበሮው ቆመ።

«ልጄ» አለ ጉማን ሲንግ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማው፤ «በእናትሽ ነፍስ እምላለሁ፣ ዛሬ እኔ አይደለሁም።»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ሌላውም ተከተላት። ሩክማ አልሳቀችም።

«አውቃለሁ አባዬ። ያኔ አንተ እንደነበርክም አውቅ ነበር።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«እኛ ተራራ ላይ በአንድ ገመድ ነው የምንታሰረው። አንዱ ‹እንመለስ› ካለ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ለምን አይባልም። አንተ ፈራህ፣ እኔ ተመለስኩ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ደግሞ እሷ ፈራችልኝ።»

የጉማን ሲንግ እንባ ወረደ። እናት ናንዳን ስለተሸከመ ሁለቱም እጆቹ ተይዘው ነበርና ሊጠርገው አልቻለም። ሩክማ ቀረብ ብላ በሻርፗ ጠረገችለት፤ የራሷን ግን ተወችው።