ጥቁሩ በር ላይ የተጫረው

ደግሞ ቆመች፣ እንዲህ ናት፣ ሥራው መልክ ሊይዝ ሲል ትቆማለች፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለው የመብራት ሞተር ሁለቴ ይስልና ዝም ይላል፣ የጋራዡ አለቃ፣ ጣሊያኑ ማሬሻሎ፣ በአገሩ ቋንቋ እየተሳደበ ወደ ሞተሩ ይሮጣል፣ እኔ ሁለት እጄን ማሽኗ ላይ ጭኜ እንደ ተተከለ ምሰሶ እቆማለሁ፣ ምን ላድርግ፣ በአፌ እፍ ልበልባት? ትንሽ ናት፣ ከቅል አትበልጥም፣ ፊቷ ላይ ክብ የበግ ፀጉር ታስሮላት በኤሌክትሪክ ትሽከረከራለች፣ የመኪና ቀለም ላይ ያለ ጭረት ልሳ ታጠፋለች ተብላ ነው ከአስመራ የመጣችው፣ አዎ ታጠፋለች፣ እንደ ሙሽራ ካባበሏት፣ ካላባበሏት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ጥላ ትሄዳለች፣ አንድ ቦታ ከቆየህባት ቀለሙን አሙቃ ከብረቱ ትልጠዋለች፣ ጫን አትበላት፣ ለቀቅ አታድርጋት፣ ውሃ እርጭ፣ ቅባት ቀባ፣ ፒያኖ፣ ሞላ፣ ፒያኖ ይለኛል ማሬሻሎው፣ ቀስ በል ማለቱ ነው፣ እሱ ራሱ በዕድሜው አንድ ነገር ቀስ ብሎ አድርጎ አያውቅም።

አቧራውስ። ነፋሱ ከጉና ተራራ ሲወርድ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለእኔ ይዞልኝ ይመጣል፣ ጠረግኩ፣ መጣ፣ ጠረግኩ፣ መጣ፣ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ከበግ ፀጉሩ ሥር ከገባች የጠዋቱ ልፋት ገደል ገባ። ቀንድ ይሻል ነበር። ቀንድ አይሰድብም። ዋንጫ ሠሪው ሞላ ነበርኩ፣ የበሬ ቀንድ ፍቄ ወልውዬ ፊት እስኪያሳይ የማደርስ፣ ጣሊያን ሲገባ በዋንጫ የሚጠጡት ጌቶች ጫካ ገቡ፣ እጁ ማብራት ያውቃል ብለው እኔን ከገበያ ጎትተው ጋራዥ አስገቡኝ። ባንዳ ይሉኛል ሰፈሩ፣ ፊት ለፊት አይሉም፣ ሳልፍ ነው የሚሉት። ይበሉ። እነሱ ጥሩወርቅን ያበሉልኛል? ሚስት ያለው ሰው በምን ይኑር፣ በስድብ?

ወደ በሩ አላይም አልኩ። አየሁ።

የካፒቴኑ መኪና የግራው የኋላ በር። ጥቁር፣ ትናንት ጠዋት ፊቴን ያየሁበት፣ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወስፌ ተጭሮ ሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን ብቅ ብሏል፣ ፊደል ነው፣ ፀሐይ ሲሠርቅ ሰራቂ ይሸሻል ይላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌባ ይሸሻል ማለት ነው፣ ማሬሻሎው የእኛን ፊደል አያነብም፣ የሚያነብለት አስተርጓሚው ነው፣ አስተርጓሚው ደግሞ አንበሳሜ ወርዶ ገና እየተመለሰ ነው፣ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አብራ አለኝ፣ በሩን አትንካ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚል ልወቅ፣ ከዚያ ማን እንደጻፈው፣ ከዚያ፣ አለና ጣቱን በአንገቱ ላይ አሻግሮ ሳበው። ካፒቴኑ ነገ በዚህ መኪና ጎንደር ሊሄድ ነው፣ ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ገበያ መሀል ተሰቅሎ ማየት ያምረዋል።

እኔ ግን ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ሸራውን ስገልጥ አወቅኩ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ ከበርሜሉ ጀርባ ተቀመጥኩ።

እስቲ አሁን በስርቆሽ ሲጭር፣ ዘበኛው መጣብኝ አልመጣብኝ እያለ፣ ሠን ከሰ ለይቶ የሚጽፍ ሰው በዚህ አገር ማን አለ? ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ነው፣ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ሰረቀ ነው፣ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ሌላው ሰው እጁ እንዳመጣለት ይጽፋቸዋል፣ እኔ ግን ልዩነቱን በኩርኩም ተምሬዋለሁ፣ አናቴ ላይ አሁንም አለ፣ ያስተማሩኝ ሰው አንገታቸው ላይ ሰይፍ ቢያርፍ አንዱን በሌላው አይለውጡም፣ መሪጌታ ገብረመድኅን፣ የኔታ፣ የልጅነት አስተማሪዬ፣ ያ አልበቃ ብሎ የጥሩወርቅ አባት፣ አማቴ፣ በእኔ ጣራ ሥር የሚያድሩ። ሰው ሊሰቀልበት የሚችል ነገር ሲጽፍ እንኳ ትንሽ አይሳሳትም? ትንሽ፣ ለልጁ ሲል?

ትናንት ካፒቴኑ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ሊያይ ገብቶ መኪናው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ነጂው ጥላ ፍለጋ ዞር ብሏል፣ የኔታ ብራና የሚሰፉበት ወስፌ ከእጃቸው አይለይም፣ በቃ፣ ይኸው ነው። ማታ ቤት ገብተው ድርጎአቸውን በልተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተኙ። እንቅልፋቸው ደግሞ ደህና ነበር፣ ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ።

ለመሆኑ ለማን ነው የጻፉት? ካፒቴኑ አያነብ። ማሬሻሎው አያነብ። ዘበኞቹ ከየትም የመጡ ናቸው፣ አያነቡ። ነጂው በጣቱ ነው የሚፈርመው። ታዲያ ይህን በር በየማለዳው አጎንብሶ የሚወለውል፣ ፊደልም የቆጠረ፣ ማን ነው? እኔ ነኝ። ለእኔ ነው የጻፉልኝ። እሳት ዳር ፊት ለፊቴ እየተቀመጡ፣ እጃቸውን እያስታጠብኳቸው፣ ሞላ ይህ ሥራህ አላማረኝም ማለት ስንት ቃል ነው፣ አፋቸውን አውጥተው እንዳይሉኝ ክብራቸው ይይዛቸዋል፣ በጠላት መኪና ላይ ለመጻፍ ግን አይይዛቸውም። ሰራቂ። ማ ነው ሰራቂ፣ አገር የወሰደው ነው ወይስ የወሰደውን ሰው መኪና የሚያበራለት?

ተወው። አሁን የሚያስፈራው እሱ አይደለም፣ ደምሴ ነው። አስተርጓሚው ደምሴ ከእኔ ጋር አንድ ዛፍ ሥር ዳዊት የደገመ ነው፣ ከእኔ የባሰ ኩርኩም የቀመሰ፣ ዛሬ ኮት ለብሶ ጣሊያንኛ እንደ ጠላ ይጠጣዋል፣ ያቺን ሠ ገና በዓይኑ ጥግ ሲያያት የኔታ ናቸው ይላል፣ ይል ይሆን? አላውቅም፣ ሰላምታችን ከራስ ንቅናቄ ካለፈ ቆይቷል፣ ሰው እንጀራው ሲለወጥ ምን እንደሚሆን እኔም በራሴ አላውቀውም።

ሞተሩ ተነሳ። ማሽኗ እጄ ውስጥ ነቃች። ማሬሻሎው ግን አልተመለሰም፣ እዚያው ሞተሩ ጋ እየጮኸ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ እኔና መኪናው ብቻ ነን።

የኋላው ጎማ ሽፋን ላይ ነኝ፣ ከበሩ አንድ ክንድ። አመለጠችኝ እላለሁ፣ ይመታኛል፣ ይምታኝ፣ አመለጠችኝ። ከኋላ ስመጣ መጀመሪያ የማገኘው የመጨረሻውን ቃል ነው፣ ማሽኗን አስጠጋኋት፣ ውሃ የለም፣ ቅባት የለም፣ ጫን፣ አታድርግ ያለኝን ሁሉ፣ ጫን ብዬ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩባት፣ ትጮሃለች፣ ቀለሙ ይጤሳል፣ ቀንድ ሲቃጠል እንደሚሸተው ይሸታል፣ ሻል ጠፋ፣ ይሸ ጠፋ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ቶሎ በይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ቀስ በይ ስልሽ የምትጣደፊው ዛሬ ምን ሆነሽ ነው፣ ቂ ጠፋች፣ ሰራቂ ከነበረው ሰራ ቀረ፣ አሁን ሰራን፣ አሁን ያቺን የተረገመች ሠ፣ እና ሞተሩ ሳለ።

አይሆንም።

ሳለ፣ ቆመ። ማሽኗ እጄ ውስጥ ዞረች፣ ዘገየች፣ ሞተች። በሩ ላይ ፀሐይ ሲሠርቅ ሰራ የሚል ቀረ፣ ሠ ከነግርማዋ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጥፍሬን ሰደድኩ፣ ጥፍር ምን ያደርጋል፣ እና የማሬሻሎው ጫማ ከኋላዬ።

ጥፊው ጆሮዬ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው አፌ ላይ። አመለጠችኝ እላለሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘላ አመለጠችኝ፣ በእጄም በአፌም እላለሁ፣ ቃል አይገባውም፣ ደሙ ግን ይገባዋል፣ ይህን ስንል ካሚዮን ግቢ ገባ፣ ደምሴ ወረደ፣ ኮቱ አቧራ ለብሷል፣ ማሬሻሎው ክንዱን ይዞ እየጎተተ በሩ ፊት አቆመው።

ደምሴ ያነባል። ሦስት ቃል ለማንበብ ይህን ያህል ይቆያል ሰው? የተላጠውን ብረት አየ። ማሽኗን አየ። ከንፈሬን አየ። ሠ ላይ ዓይኑ ቆመ፣ እንደ ቆመ አየሁት። በቃ፣ አልኩ፣ የኔታን አሁን ከሚያስተምሯቸው ልጆች መሀል ይወስዷቸዋል፣ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ጥላ ትሮጣለች፣ እኔም እንደ ቆምኩ እቀራለሁ።

ከዚያ ደምሴ በጣሊያንኛ ይናገራል፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ቅኔ ነጋሪ እጁን እያነሳ፣ ሶሌ ይላል፣ ሶሌ ፀሐይ ነው፣ ይህችን አውቃታለሁ፣ ቀጥሎ ላቮራ ይላል፣ ላቮራ፣ ቀኑን ሙሉ ላቮራ ሲሉኝ የሚውሉት፣ ሥራ ማለት ነው፣ ሥራ ከየት መጣ? ... ሰራ። ፀሐይ ሲሠርቅ ሰራ። ፀሐይ ሲወጣ ተነስቶ ሠራ። ሌባውን ትጉህ ሠራተኛ አደረገው። ማሬሻሎው ፊቱ ይፈታል፣ ይስቃል፣ ቦኖ ይላል፣ እንዲህ ያለ ምክር እነሱም በግድግዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀ መሰለኝ፣ ደምሴ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ፊደል በቅጡ ያልለየ ተማሪ ነው አለው፣ ይህንንም በአማርኛ ደገመልኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ፊደል ያልለየ ነው የጻፈው፣ ሞላ።"

ነገ ማለዳ ካፒቴኑ ሳይነሳ በሩን ፍቄ እንደ አዲስ እንድቀባ ታዝዤ፣ ለተላጠው ቀለም አንድ እርግጫ ተጨምሮልኝ ተለቀቅኩ። ደምሴ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ፣ ሸኘኝ ማለት ከኋላዬ ሄደ፣ ዘበኛው እንዳይሰማ ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

"ሠራ በእሳቱ ሰ ይጻፋል እንዴ?"

"አይጻፍም።"

"አይጻፍም። ካፒቴኑ ግን ሌላም አንባቢ አለው፣ እሱ እንደኔ አያነብለትም። የኔታ ጉልበታቸውን ያማቸው የለ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዳቸው፣ ዛሬውኑ፣ ለሐሙሲት ገበያ ከሚወርደው ሰው ጋር ተቀላቅላችሁ።"

እግዜር ይስጥህ ልለው ዞርኩ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዘበኛውን ይቆጣ ጀምሯል።

ቤት ስደርስ ጥሩወርቅ ከንፈሬን አየች፣ ነገሩን ስነግራት ጭብጦውን በአቁማዳ መክተት ጀመረች፣ አህያዋን አምጣ ብቻ አለችኝ፣ ሴት ልጅ ማለት እንዲህ ናት፣ አባቷ ግን አልሄድም ይላሉ፣ ተማሪ ልጆቹን ማን ያስቀጥላቸዋል፣ ዓርብ ቅዳሴ አለ፣ ፍል ውሃ ጠበል አይደለም፣ ሞት እንደሆነ እዚሁም ያገኘኛል፣ አቤት አንቱ ሰው፣ አልኩ በልቤ፣ በአፌ የኔታ እባክዎ እላለሁ፣ እሳቸው ወስፌአቸውን ይሞርዳሉ። ወስፌውን።

ደምሴ እንዴት እንዳነበበው ነገርኳቸው። ሞረዱ ቆመ።

"ሠራን በእሳቱ ሰ ጻፈ አለ?"

"አዎ የኔታ፣ ፊደል ያልለየ ነው አለላቸው።"

ፊታቸው ቀላ። ተሰቀሉ ብላቸው እንዲህ አይደነግጡም ነበር፣ ያ ዱርዬ እያሉ ተነሱ፣ ያን ሁሉ ዘመን አስተምሬው፣ ሰው ምን ይለኛል፣ እያሉ ቤቱን ዞሩት፣ ትንሽ ቆይተው ግን ወደ እሳቱ ዞሩ፣ ትከሻቸው ይነቃነቃል፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አላየሁም፣ ሲዞሩ ዓይናቸው እርጥብ ነው፣ ደምሴ ድሮም ቅኔ ይሆንለት ነበር አሉ።

አሁን ካልጠየቅኳቸው መቼም አልጠይቃቸው። ለማን ነው የጻፉት አልኳቸው፣ ለእኔ ነው?

"ለሚያነበው።"

ይህ ምን መልስ ነው፣ እስቲ ይህ መልስ ይባላል፣ አዎ ቢሉኝ እቆጣለሁ፣ አይደለም ቢሉኝ እተኛለሁ፣ ለሚያነበው፣ ብለው ጋቢያቸውን አነሱ፣ ወጡ፣ ዳዊታቸውን በማህደሩ አንግተዋል፣ እንግዲህ መሄዳቸው ነው፣ እሺ አይሉም፣ ይሄዳሉ እንጂ። እኔም እሄዳለሁ። ይህን መቼ እንደወሰንኩ አላውቅም። ጥሩወርቅ በሩን ከውጭ ስትቀረቅር ነው ያወቅኩት፣ ነገ ያንን በር የሚቀባ ሌላ ይፈልጉ፣ ፍል ውሃው ጋ ቀንድ አይጠፋም፣ ከጠፋም አርሳለሁ፣ የማይገፋ ሞፈር የለም።

ታች መንገዱ ላይ የገበያ ሰው ከነአህያው ይወርዳል፣ ብርዱ ተነስቷል፣ እንቸኩል፣ ጭነቱን ማሰር ብቻ ነው የቀረው፣ ገመዱን በአህያዋ ሆድ ሥር አሳልፌ ቋጠሮውን ልይዝ ስል ጣቶቼ አይገጥሙም። ይንቀጠቀጣሉ። ማሽኗ አሁንም እጄ ውስጥ ትዞራለች፣ እንደገና ሞከርኩ፣ ገመዱ ወደቀ፣ ምን ጉድ ነው ይህ፣ አንድ ቋጠሮ፣ ሕፃን የሚያስረው፣ የገዛ እጄ እምቢ ይለኛል፣ የኔታ አዩኝ፣ አሁን ደግሞ ይናገሩኛል፣ ይናገሩኝ፣ ጎንበስ ብለው ገመዱን ከመሬት አነሱት፣ አሰሩት፣ ሁለቴ ሳብ አድርገው ፈተኑት፣ ከዚያ እጆቼን ያዙ። ሁለቱንም። መዳፋቸው ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው፣ አይናገሩም፣ አጥብቀው ይዘው ንቅጥቅጡን ያዳምጣሉ፣ እንሂድ እንጂ ሰዉ አለፈን ትላለች ጥሩወርቅ ከፊት።

"ቆይ" ይሏታል። "ይብረድለት።"