ያልጮኸው ክሪስታል

እኔስ በንዴት ቀልጬ ማለቄ ነው! እስቲ ስሙኝ።

እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት ጎድጓዳ የፍራፍሬ ሳህን ትታ ሞተች። አንዱ ክሪስታል ነው፣ አንዱ ተራ መስታወት። ቡፌው ውስጥ ሲታዩ መንታ ናቸው። ባሏም እኔንና የሱን እህት ጠራንና «አንድ አንድ ውሰዱ፤ ታላቅ ትምረጥ» አለን። ታላቋ እሷ ነች። ፊሽካ ነው የምንላት፣ ስታወራ ጆሮ ትበሳለች። የገዛ ባሏ በሷ ምክንያት ነው አሉ በረንዳ ላይ የሚውለው። እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው።

እኔ ክሪስታሉን ነው የምፈልገው። እህቴ እያጠበች ለእኔ ብቻ ነበር እንዳደርቀው የምትሰጠኝ፤ ለሌላ ሰው አታስነካውም። እጄ ያውቀዋል። እርሳስ የሚሉት ብረት ስላለበት ከበድ ይላል፣ የተቀረጸው ጠርዙም ሹል ነው። ተራው ግን ከቅርጽ ሲወጣ ጎኑ ላይ እንደ ልብስ ስፌት ያለች መስመር ቀርታበታለች።

ፊሽካ ሁለቱንም አገላበጠች። መስመሯን አየቻትና «ጌጥ ነው» ብላ አለፈቻት!

«ክሪስታል ሲመቱት ይጮሃል አሉ» አለች። ክሪስታሉን በሁለት እጇ እንደ ሌባ ጭምቅ አድርጋ ይዛ በአውራ ጣቷ ጥፍር ነካችው። ጧ! እንደዚያ ታንቆ እንዴት ይጩህ? ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ብትነካው እኮ ቤቱን ይሞላው ነበር። ተራውንም እንደዚያው አነቀችው። ጧ!

«ሁለቱም ውሸት ናቸው» አለች ተናዳ። «አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

እኔ ብልጧ! የምፈልገውን ትታ የጠላሁትን እንድትነጥቀኝ ብዬ፣ ተራውን እቅፍ አድርጌ «እትዬ፣ ይቺን እባክሽ! እህቴ የምትወዳት እሷን ነበር» አልኳት። እንባም ጨመርኩበት።

ዕድሜ ልኳን ከእጄ ስትነጥቅ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውሰጃት የኔ እህት፤ ሐዘንተኛ እኮ ነሽ። እኔ ይሄኛው ይበቃኛል።»

«አይ እትዬ፣ ኧረ አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ምረጪ…»

«አልኩሽ እኮ! ሆዴን አታባቢው!»

የእህቴ ባልም «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ የፊሽካን ግንባር ሳማት። ምን ልበል? «ተሳስቼ ነው፣ ያኛው ነው የምትወደው» ልበል? ክሪስታሉን በሻርፗ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እኔንም ሦስቴ ስማኝ ወጣች።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ «አቤት ደግነቷ! የመምረጥ መብቷን ለሐዘንተኛ ለቀቀች» ይላል። ትናንት ለጎረቤቴ «እሷ እኮ…» ብዬ ልጀምር ስል፣ «ኧረ ነውር ነው! ያን ያህል ላደረገችልሽ ሴት!» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ክሪስታሉስ ይሂድ እሺ። እሷን ማማቱንም ይዛብኝ ትሂድ?